ስለ ኪቦርድና ስለ ሲኩዌንሰር፤ በገመዱ የሚያልፈውና የሚቀረው

ኪቦርድን ከሲኩዌንሰር ጋር አገናኝቶ ዘፈን ማቀነባበር ከተለመደ ወዲህ፥ ሙዚቃችን ሕይወት አጣ፥ ጥፋቱም የመኪናው ነው የሚል ወቀሳ በየጊዜው ይሰማል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት ያሰብነው፥ ወቀሳው በከፊል እውነት ቢሆንም የተሰነዘረበት ወገን የተሳሳተ መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ሚዲ የተባለው የመገናኛ ደንብ በአሜሪካዊው በዴቭ ስሚዝና በጃፓናዊው በኢኩታሮ ካኬሃሺ ግንባር ቀደምነት በ1983 እ.ኤ.አ. ወጣ። ብዙ ሰው እንደሚገምተው በገመዱ የሚያልፈው ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ይኸውም የትኛው ቁልፍ እንደ ተነካና በምን ያህል ፍጥነት እንደ ተመታ የሚገልጽ መልእክት ሲሆን፥ ሁለቱም ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይነገራሉ። ሲኩዌንሰሩ መልእክቱን ከደረሰበት ጊዜ ጋር መዝግቦ፥ በኋላ ለኪቦርዱ መልሶ ይልክለታል።

እኛም የኪቦርዱን መውጫ ከሲኩዌንሰሩ መግቢያ፥ የሲኩዌንሰሩን መውጫ ከኪቦርዱ መግቢያ ጋር አገናኝተን መጀመሪያ ስንሞክር፥ እያንዳንዱ ድምፅ እጥፍ እየሆነ አስቸግሮን ነበር። ኪቦርዱ አንድ ጊዜ በጣታችን፥ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ በመጣው ትእዛዝ ይጮህ ነበርና። ጣትን ከድምፅ የሚለየውን «ሎካል» የተባለውን ክፍል ስንዘጋው ተስተካከለ። ከዚህ የተረዳነው፥ በጣትና በድምፅ መካከል ሌላ ፈራጅ ሊገባ የሚችል መሆኑን ነው።

ይህ ፈራጅ በመጀመሪያ የሚነካው ምትን ነው። ሲኩዌንሰሩ አጨዋወታችንን እንዳለ ሊይዘው ይችላል። ኳንታይዝ የተባለው አሠራር ሲታዘዝ ግን የዘገየውንም የቀደመውንም ድምፅ ወደ ቅርቡ የምት ክፍል ስቦ እኩል ያሰልፈዋል። በትዝታ ዜማ ትንሿ መዘግየት ስሕተት ሳትሆን የስሜቱ መግለጫ ናት፤ እርስዋ ከተስተካከለች የሚቀረው የዜማው አጥንት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የቅኝት ጉዳይ ነው። የክራር ተጫዋች አንቺ ሆዬን በጆሮው ሲቃኝ የሚያስቀምጣቸው ርቀቶች ሁልጊዜ በኪቦርዱ ግማሽ ድምፆች ላይ አይወድቁም። ነገር ግን ይህን ጉድለት ገመዱ አላመጣውም፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርንበት ኦርጋንም ላይ ነበረ። እንዲያውም ሚዲ ድምፅን ጥቂት ለማጉበጥ መንገድ አለው፤ የማጉበጡ ትእዛዝ በአንድ መስመር ያለውን ድምፅ ሁሉ ስለሚነካ፥ ከ16ቱ መስመሮች አንዱን ለዜማው ለይቶ መስጠት ያስፈልጋል። ድካም ነው እንጂ የማይቻል አይደለም።

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከከበሮ መኪና ጋር አዋሕደው ያወጡት ሥራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። መኪናው ሳያወላውል ምቱን ይቆጥራል፤ ዜማው ግን በተጫዋቹ እጅ ይተነፍሳል። የመኪናና የሰው ጉርብትና ዜማን የግድ እንደማይገድል ከዚህ ይታያል።

በርግጥ የሙሉ ባንድ ወጪ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ወጣት አቀናባሪ በሲኩዌንሰሩ መጠቀሙ አያስነቅፈውም። የምንነቅፈው መኪናው ያቀረበለትን ሳይመረምር የሚቀበለውን ነው። የሚጠራጠር ቢኖር አንድ ትዝታ ተጫውቶ፥ አንዱን ቅጂ እንዳለ፥ ሌላውን በኳንታይዝ አስተካክሎ ያዳምጥ፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱን ለጆሮው እንተዋለን።