እርካታ ምን ይለካል? በኮምፒዩተር የሕክምና ትዕዛዝ ሥርዓት ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

የሕክምና ትዕዛዝን በወረቀት ከመጻፍ ይልቅ በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት የመድኃኒት ስሕተትን እንደሚቀንስ የሚያመለክት ማስረጃ አለ። በቦስተን በብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት፣ ሳይታረሙ ያለፉ ከባድ የመድኃኒት ስሕተቶች በ55 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ በሠራተኛው ዘንድ ያገኘው ተቀባይነት ዘወትር የሚመዘነው በእርካታ መጠይቅ ነው። ስለሆነም መለኪያው ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚያው ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእርካታ ጥናት በዘርፉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። የጥናቱ ጥንካሬ የሐኪሞችንና የነርሶችን አስተያየት ለይቶ ማቅረቡ ነው። ሐኪሞች አብልጠው የወደዱት ከዋርድ ውጭ ሆነው ማዘዝ መቻላቸውን ሲሆን፣ ነርሶች ደግሞ የሚነበብና ትክክለኛ ትዕዛዝ ማግኘታቸውን ነበር። ሆኖም እርካታ በይበልጥ የተዛመደው ከፍጥነት፣ ከአጠቃቀም ቅለትና ከሥራ ቅልጥፍና ጋር ሲሆን፣ የሕክምናን ጥራት ለማሻሻል ከታቀዱት ገጽታዎች ጋር የነበረው ዝምድና ደከም ያለ ነበር። እንግዲህ ከፍተኛ እርካታ የሥርዓቱን ፈጣንነት እንጂ የሕመምተኛውን ደኅንነት ላያረጋግጥ ይችላል።

በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። አጥኚዎቹ ሥርዓቱ የሚያመቻቻቸውን 22 ዓይነት የስሕተት አደጋዎች ዘርዝረዋል። ለምሳሌ በመድኃኒት ክፍሉ ክምችት መሠረት በስክሪን ላይ የሚታየው መጠን፣ ለሕመምተኛ እንደሚመከር መጠን ተደርጎ ይወሰድ ነበር። «ረክተዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብቻውን እንዲህ ያለውን ስሕተት አያወጣም።

በሌላ በኩል የሠራተኛውን ቅሬታ ለውጥን እንደ መጥላት መቁጠር አይገባም። በፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2002 ሥርዓቱ ከተጀመረ በኋላ፣ ለልዩ ሕክምና ከሌላ ተቋም ተዛውረው የሚመጡ ሕፃናት የሞት መጠን ከ2.80 ወደ 6.57 በመቶ ማደጉ ተዘግቧል። ቀድሞ ሕፃኑ በመንገድ ላይ ሳለ ይሰጥ የነበረው ትዕዛዝ፣ ሕፃኑ ደርሶ እስኪመዘገብ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ጥናቱ የፊቱን ከኋላው ያነጻጸረ በመሆኑ መንስኤውን በእርግጠኝነት አይወስንም። በሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናትም የሞት ጭማሪ አላገኘም። ቢሆንም በአልጋው አጠገብ የሚሠራው ባለሙያ «ሥራዬን አዘገየብኝ» ሲል፣ የዘገየው ምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

ለኢትዮጵያም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአምስት ሆስፒታሎች የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብን የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት፣ አብዛኛዎቹ ተጠያቂዎች እንዳልረኩ ገልጿል። መዝገብና ትዕዛዝ የተለያዩ ቢሆኑም፣ የትዕዛዝ ሥርዓትን ለመጀመር የሚያስብ ተቋም ከዚህ ሊማር ይችላል።

ስለዚህ የእርካታ መጠይቅ ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይገባውም። የሐኪሙ፣ የነርሱና የፋርማሲ ባለሙያው መልስ ተለይቶ ይቅረብ፤ ያልረካው ባለሙያ ምክንያቱን ይጠየቅ፤ ውጤቱም ከመድኃኒት ስሕተት ቆጠራ ጋር ጎን ለጎን ይታይ። ሠራተኛው ረክቶ ሕመምተኛው ከተጎዳ ሥርዓቱ ተሳካ ሊባል አይችልምና።