ኪችን ሲታደስ ገንዘቡ የት ይዋል?

ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ስልኩ ላይ ፎቶ ይዞ ነው። ከቱርክ ተከታታይ ፊልም የተወሰደ የሚመስል ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታ የሌለው ካቢኔት። ያምራል፤ አላጣጥለውም። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ምጣዱ የት ይቀመጣል? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሽንኩርቱ የሚቁላላው እዚሁ ነው ወይስ ውጭ ማድ ቤት አለ? ይህን ሳላውቅ ስለ ቀለም ማውራት አይሆንልኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው የኪችን ካቢኔት ከቺፕውድ ወይም ከኤምዲኤፍ ይሠራል። ቺፕውዱ ፍቅፋቂና ሰጋቱራ፣ ኤምዲኤፉ የላመ የእንጨት ቃጫ ነው፤ ሁለቱም በሙጫ ተጨምቀው የተሠሩ ናቸው። ፊታቸው ላይ የተለጠፈው ሽፋን ውሃ አያሳልፍም። ችግሩ ጠርዙ ነው፤ መጋዝ የቆረጠው፣ ለቧንቧ የተበሳው፣ ብሎን የገባበት። በዚያ በኩል ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። የከረመ ካቢኔት ከሲንኩ ስር ከፍታችሁ ወለሉን በጥፍር ጫን በሉት፤ ጥፍራችሁ ይሰምጣል፣ ፍቅፋቂውም እንደ በሶ ይፈረፈራል።

አረንጓዴውን ኤምዲኤፍ አንዳንድ ሻጮች «ውሃ አይነካውም» ብለው ይሸጡታል። አረንጓዴው መለያ ቀለም ብቻ ነው፤ እርጥበት የሚቋቋመው ሙጫው ነው። እሱም ቢሆን እንፋሎት ይችላል እንጂ ውሃ ላይ ተኝቶ አይከርምም። ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ለምኑ፣ ውፍረቱን ለኩ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት እንደገና ለኩት። ማታ 18 ሚሊ ሜትር የነበረው ስንት እንደደረሰ ስታዩ ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልጋችሁም።

በፈረቃ ውሃ የሚኖር ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ተከፍቶ ይረሳል። ሌሊት ይመጣል፣ ሲንኩ ባልታጠበ ዕቃ ተደፍኗል፣ ጠዋት ኪችኑ ኩሬ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው የሲንኩን ካቢኔት ከአሉሚኒየም ወይም ከብሎኬት ሠርቶ ሴራሚክ ማልበስ ይሻላል የምለው። ሌሎቹን ሣጥኖች 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን የፕላስቲክ እግር ላይ አቆማቸዋለሁ፤ ከእንጨቱ ወለል የሚነካው እግሩን የሚሸፍነው ዞኮሎ ብቻ ነው፣ እሱ ቢበላሽ ነቅሎ መቀየር ቀላል ነው። አንዲት እናት ወጪውን ሲሰሙ «ልጄ፣ እንግዳ ከሲንክ ስር ምን አስገባው?» አሉኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ የላይኞቹን በሮች ረከስ ያለ አድርገን የታችኛውን አሉሚኒየም አደረግነው።

በካቢኔቱ ላይ በሚነጠፈው ድንጋይ ግን ብዙ አልደራደርም። ከቤኒሻንጉል የሚወጣው ነጭ እምነበረድ ለሳሎን ወለልና ለደረጃ ጥሩ ነው፤ ለወጥ ቤት አይሆንም። እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ይበላዋል። ሎሚ ጠብ ብሎበት ትንሽ ከቆየ፣ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ደብዝዞ ክብ ምልክት ይቀራል። ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም፤ ድንጋዩ ራሱ ተነክቷል፣ እንደገና መሞረድ አለበት። ቲማቲም፣ አቼቶ፣ የቦካ ሊጥም ያው ናቸው። ግራናይት ይህን ሁሉ ይችላል፣ ትኩስ ድስት ቢያርፍበትም ግድ የለውም። ብቻ ፈካ ያለው ቀለም ዘይት ይጠጣል፤ ቁሌት በየቀኑ ለሚሠራበት ቤት ጠቆር ያለውን እመርጣለሁ፣ ካልሆነ መከላከያውን በየጊዜው መቀባት ነው። ኳርትዝ የሚባለው የፋብሪካ ድንጋይ ሎሚ አያስፈራውም፤ ዱቄቱን ያያያዘው ሙጫ ግን ሙቀት አይወድም፣ ምጣድና ምድጃ አጠገብ አላስቀምጠውም።

ስለ ምጣድ ከተነሳ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ይበላል። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ ወደ ላይ ይሄዳል። እዚያ ካቢኔት ከተሰቀለ መጀመሪያ የሚላጠው የታችኛው ጠርዙ ነው፤ የጠርዙ ፕላስቲክ የተለጠፈው በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ነውና። ስለዚህ ከምጣድ በላይ ምንም አልሰቅልም፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያ ሴራሚክ ይሁን፣ እንፋሎቱም መውጫ ይኑረው። የወለል ሴራሚክ የማያብረቀርቀው ይሁን፤ ዘይት ያረፈበት አብረቅራቂ ወለል ሰው ይጥላል።

የተረፈው ገንዘብ ለበር ይዋል፣ የቱርኩ ነጭም ከሆነ ይሁን። በር የተያዘው በማጠፊያ ብቻ ነው፤ ሲሰለች ወይም እርድ ቢጫ ሲያደርገው በብሎን መፍቻ ተፈትቶ በአንድ ቀን ይቀየራል። የበሰበሰ ሣጥን ለመቀየር ግን ግራናይቱ መነሳት አለበት። ሲነሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ለሲንኩ ከተቆረጠው ቀዳዳ ፊት ለፊት የቀረችው ቀጭኗ ቁራጭ ናት፤ ያኔ ድንጋዩም አብሮ ይገዛል።