«ለመጀመሪያ ጊዜ» ብቻ አይበቃም፦ ከሸዋ ሮቢት ቤተ መንግሥትና ሳይንስ ሙዚየም ደርሶ መልስ

ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለማለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት ግድ ይላል። እኛም ተነሣን፤ አባዬ፣ እማዬ፣ ስምንተኛ ክፍል የሆነው ታናሽ ወንድሜና እኔ። ፕሮግራማችን ሁለት ቦታ ነበር፦ ጠዋት አንድነት ፓርክ፣ ማለትም የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳይንስ ሙዚየም። የምህንድስና ተመራማሪ ነኝና የማስጎብኘቱ ሥራ የእኔ ሆነ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ያን ቀን ከእኔ የተሻለ ያስጎበኘን አባዬ ነው።

መጀመሪያ ምስጋናው ይቅደም። አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ያንን ግቢ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከአጥሩ ውጭ ሆነን ነው። አሁን ግብር አዳራሹን፣ ዙፋን ቤቱንና እንቁላል ቤቱን ገብቶ ማየት ይቻላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እማዬ ግብር አዳራሹ መሐል ቆማ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና «ይህን ሁሉ ሰው ማን አበላው? ወጡስ ሳይቀዘቅዝ እንዴት ደረሰ?» አለች። የዕለቱ የመጀመሪያ የምህንድስና ጥያቄ ይኼ ነበር።

ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ስለ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲወራ፣ በመጽሐፍም ይሁን በክፍል ውስጥ፣ አንድ ሐረግ አይጠፋም፦ «ለመጀመሪያ ጊዜ»። ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ በራ፣ እ.ኤ.አ. በ1898። ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ጮኸ። የቧንቧ ውኃ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ፈሰሰ። ወንድሜ ይህን ከትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ በፈተናም መልሶታል። ግን «እንዴት?» ብሎ አያውቅም። ሐረጉ ልክ እንደ ነጥብ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋዋል።

የቧንቧውን ውኃ እንውሰድ። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አመጣ። ቤተ መንግሥቱ ግን ጉብታ ላይ ነው። ውኃው ከተራራው ወርዶ፣ ዝቅ ያለውን ቦታ አልፎ፣ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለበት። ይህንን ግቢው ውስጥ ቆመን ስነግራቸው ወንድሜ «እትዬ፣ ፓምፕ ነበራቸው እንዴ?» አለኝ።

መልሱን የሰጠው አባዬ ነው። አባዬ በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርት ያለማል። «ከላይ ለመጣ ውኃ ምን ፓምፕ ያስፈልገዋል? እኔ ጉድባውን በጎማ አሻግሬ የለም እንዴ የማጠጣው! መነሻው ከመድረሻው ከፍ ይበል እንጂ፣ ጎማው አይቀደድ እንጂ፣ መሐል ላይ ቢወርድም መልሶ ይወጣል።»

በእኛ ቋንቋ ይህ የውኃ ግፊት ነው፦ በእያንዳንዱ 10 ሜትር የከፍታ ልዩነት አንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ይጨመራል። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ከዚያ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ይላል። የመሐንዲሱ ራስ ምታት እንግዲህ ውኃውን ማስወጣት አይደለም፤ መጋጠሚያው ያንን ግፊት ይችላል ወይ የሚለው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኢልግ ወደ ሸዋ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ያኔ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፤ ከምኒልክ መቀመጫዎች አንዷ ከይፋት ቆላ በላይ ያለችው አንኮበር ነበረች። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ቤተ መንግሥቱ እኛ ሰፈር ነበራ!» ብሎ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ሳይንስ ሙዚየም ገባን። መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሙዚየም ሥራ የጀመረው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዐውደ ርእይ ነበር። ቀለበት የመሰለው ሕንፃና ጉልላቱ ራሳቸው ለማየት የሚያጓጉ ናቸው። የቆላ ልጅ እዚያ ገብቶ «ይህን የሠሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው» ሲባል መስማቱ ዋጋው ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ስክሪን እንደ ማስተማሪያ አንድ ድክመት አለው፦ ስትነኩት መልስ ይሰጣችኋል፤ መልሱ ከየት እንደመጣ ግን ከመስታወቱ ኋላ ይቀራል። በሳን ፍራንሲስኮ ያለው፣ የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው ኤክስፕሎራቶሪየም ሌላ መንገድ መርጧል። እዚያ ጎብኚው መሣሪያውን ራሱ ያሽከረክራል፣ ያበላሻል፣ እንደገና ይሞክራል፤ መሣሪያዎቹ የሚሠሩበት ወርክሾፕ እንኳ ለእይታ ክፍት ነው።

እንግዲህ ጠዋት ያየነው የትናንቱን «ለመጀመሪያ ጊዜ» ነው፤ ከሰዓት ያየነው የነገውን። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው «እንዴት» ግን በጉብኝታችን መሐል ጎደለብኝ። የጎደለው ምን እንዳስከተለ የገባኝ መኪና ውስጥ፣ ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ ነው። ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ሳይንስ ሁልጊዜ ከውጭ መጥቶ ቤተ መንግሥት ነው የሚገባው?» አለኝ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ያሳየነውን ነው ያነበበው።

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም የምለው። በመስታወት ቱቦ የተገናኙ ሁለት ባልዲዎች፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ፣ የኢልግን ቧንቧ ያስረዳሉ። አጠገባቸው እንደ አባዬ ያለ ሰው የመስኖ ጎማ ቢቀመጥ ደግሞ ልጁ ሳይንስን በገዛ ማሳው ያገኘዋል።

ማታ ጣርማ በር ላይ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ከቆፈረው ዋሻ አጠገብ፣ ለአፍታ ቆምን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እማዬ የሃይላንዱን ውኃ ጨርሳ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው። ደብረ ሲናን ወርደን፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ባዶው ሃይላንድ ጎኑ ገብቶ ተጨማዷል።

«ማን ጨመቀው?» አለ ወንድሜ።

ማንም አልነካውም። የጣርማ በር የአየር ግፊት ከሸዋ ሮቢቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። እማዬ የደጋውን ስስ አየር ዘግታ አመጣችው፤ የቆላው ከባድ አየር ከውጭ ተጫነው።

ስለዚህ አንድነት ፓርክም፣ ሳይንስ ሙዚየምም ሂዱ፤ የሚያስቆጭ ጉዞ አይደለም። ግን «ለመጀመሪያ ጊዜ» በተባላችሁ ቁጥር «እንዴት?» በሉ። ወንድሜ ከመተኛቱ በፊት «እዚህ ዘግተን ወደ ላይ ብንወስደውስ?» ሲል ጠየቀኝ። አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ ክዳኑን የሚዘጋው እሱ ነው።