መሬት ሲናወጥ በስልክ ላይ የሚጻፈው

ሳይንስን በቴሌግራምና በቲክቶክ በአማርኛ ማስረዳት ሥራዬ ነው። የሥራውን ክብደት እንደ 2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን ተራሮች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ያሳየኝ የለም። መስከረም 26 ማታ አዲስ አበባ፣ ለቡ መብራት ኃይል ያለን የፎቅ ነዋሪዎች መጋረጃው ሲወዛወዝ አይተን ደረጃውን በሩጫ ወረድን። ግቢ ውስጥ እንደቆምን በሕንፃው የቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ መልእክት ገባ፦ «ናሳ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የባሰ ይመጣል ብሏል።» ተናጋሪውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ተቋም በዓለም ላይ የለም። ይህን መጻፍ ቀላል ነው፤ ለደነገጠ ሰው ግን አይበቃውም። አንዲት ጎረቤቴ «ልጄ፣ አናውቅም ካላችሁማ ምኑን ተማራችሁት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከ«አናውቅም» አጠገብ የሚታወቀው ካልተጻፈ ቦታውን የድምፅ መልእክቱ ይይዘዋል። የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ነበር። በፈንታሌና በዶፈን መካከል የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች ስንጥቅ እየከፈተ ይገባ ነበር፤ የሴንቲኔል 1 ሳተላይት ራዳር የመሬቱን መለያየት ከላይ ሆኖ ለክቶታል። ቦታው ከአዲስ አበባ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ባለሙያ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ይህን በየሚዲያው በአማርኛ ደጋግመው አስረድተዋል። የእኔ ድርሻ ያንን ማብራሪያ ደረጃ ላይ ቆሞ ስልኩን ለሚያይ ሰው በሚሆን ልክ ማሳጠር ነው።

አስቸጋሪው ቁጥሩ ነው። ታኅሣሥ 26 ሌሊት የደረሰውን አንዱ ተቋም 5.5፣ ሌላው 5.8 አለው፤ ኮሜንቱ ወዲያው «ማንኛችሁ ናችሁ የምትዋሹት?» በሚል ተሞላ። ማንም አልዋሸም፤ እያንዳንዱ በራሱ ጣቢያዎችና በራሱ ስሌት ስለሚለካ የተወሰነ ልዩነት የግድ ይኖራል። ስለዚህ ቁጥር ስጽፍ የለካውን ተቋም አብሬ እጠራለሁ። የካቲት 7 ደግሞ 6.0 ሲመዘገብ «ከመስከረሙ 4.9 በአንድ ብቻ በለጠ» የሚል ተጻፈ። የሚወጣው ኃይል ግን በ45 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ መለኪያው በአንድ ሲጨምር ኃይሉ 32 ጊዜ ያህል ይባዛልና። ይህ ሳይነገር የሚቀር ከሆነ ቁጥሩ ባይጻፍ ይሻላል። መጠኑና ንዝረቱም ይለያያሉ፦ የአምፖል ዋት አንድ ሆኖ ብርሃኑ በራቁት ቁጥር እንደሚደክም፣ መጠኑም አንድ ነው፤ የሚሰማው ንዝረት ግን እንደ ርቀቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ፎቁ ነው።

ሰዓቱም አለ። ዓለም አቀፉ የመንቀጥቀጥ ሰንጠረዥ በዓለም አቀፍ ሰዓት 0:52 ሲል ለእኛ ከሌሊቱ 9:52 ነው። ሰዓቱ ሳይቀየር የተላለፈ ስክሪንሹት ያለፈውን መንቀጥቀጥ አዲስ ያስመስለዋል፤ ሰውን በብርድ ከቤት ያስወጣል። በእኔ ቻናል ሰዓትና ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልሆነ አይወጣም፤ ለዚህ ሲባል ብዘገይም ልዘግይ። ፍጥነትን የሚያወድሱ የሙያ ባልደረቦቼ አሉ፤ በዚህ አልስማማም።

ስለ ድሮው ስንጽፍም ጥንቃቄ ያሻል። በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ የሰሜን ሸዋው ነው፤ እኛ ለቡ ያለን ሰዎች ስሙን ስንሰማ ቶሎ ትዝ የሚለን ግን የአዲስ አበባው ካራቆሬ ነው። የድሮ ጽሑፍ ጥቅሙም ትልቅ ነው፤ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ የመሠረቱት ኢየሱሳዊው አባ ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የአገራችን የመንቀጥቀጥ ታሪክ መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን ያዋቀረው ከዜና መዋዕልና ከዓይን ምስክሮች ቃል ነው። ያየ ሰው የጻፈው ለሳይንቲስቱ መረጃ ሆነ ማለት ነው። ዛሬም የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ «ተሰማዎት?» እያለ ከሕዝብ የሚሰበስበው መልስ የንዝረት ካርታ ይሠራበታል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቤትዎ ሲናወጥ፣ ደኅንነትዎን ካረጋገጡ በኋላ ስም የለሹን ድምፅ ከማስተላለፍዎ በፊት አራት ነገር ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ሰፈርዎን፣ የነበሩበትን ፎቅ፣ የተወዛወዘውን ወይም የወደቀውን ዕቃ። ጽፈውም ለሚለኩት ይላኩላቸው።