ለጀልባ ማደሪያ ፍለጋ

ጉለሌ ተቀምጦ ስለ ባሕር የሚያወራ ሰው ያስቃል። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ቢኬድ እንጦጦ እንጂ ወደብ የለም። ቢሆንም ሲያትል የሚኖረው የእህቴ ልጅ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ መግዛት ሲያምረው የደወለው ለእኔ ነው፤ በባሕር ኃይል ገመድና መልሕቅ ላይ የሠራ ሌላ ዘመድ የለውማ። «ጋሼ፣ ጀልባውስ ርካሽ ነው፤ ማሰሪያው ነው የከበደኝ» አለኝ። እኔም አልገረመኝም። አሮጌ ጀልባ በትንሽ ገንዘብ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሻጩ የማሰሪያ ኪራይ ስላሰለቸው ነው።

እዚያ ኪራይ በየወሩ የሚታሰበው በጀልባው ርዝመት ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ርዝመት ግን ማመን አይገባም፤ ከፊቱ ወጣ ያለ እንጨት፣ ከኋላው የተንጠለጠለ ሞተር ወይም መሰላል ካለ አብሮ ሊለካ ይችላል። «ሜትር ይዘህ ሂድ» አልኩት። መድን የሌለውን ጀልባ ብዙዎቹ የማሰሪያ ቦታዎች አይቀበሉም። ጀልባው ላይ መኖር የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ክፍያና ሌላ ተራ ይጠብቀዋል።

ቀጥሎ ውሃውን ጠየቅኩት፤ ጨዋማ ነው ወይስ ጨው የሌለው? ሲያትል ሁለቱም አላት። ባሕሩንና በከተማዋ መካከል ያሉትን ሐይቆች የሚያገናኘው በ1917 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የባላርድ የውሃ በር ነው፤ ጀልባ ሲያልፍበት አይከፍልም። ጨዋማ ውሃ ላይ የታሰረ ጀልባ ሆዱ ባርናክል በሚባል ተጣባቂ የባሕር ፍጥረት ይሸፈናል፤ እንጨት ከሆነ ደግሞ የባሕር ትል ይበላዋል። ያንን ማስፋቅና ማስቀባት ገንዘብ ነው። ሐይቅ ውስጥ ይህ ጣጣ በጣም ይቀንሳል። በምትኩ ተንቀሳቃሽ ድልድዮች አሉ። የሸራው ምሰሶ ረጅም ከሆነ ድልድይ እስኪነሣ መቆም ግድ ነው፤ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ መኪና በሚበዛበት ሰዓት ደግሞ ለትንሽ ጀልባ አያነሡም። ቅዳሜ ብቻ ለሚወጣ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ስለዚህ በየወሩ ከሚከፈለው ጎን የዓመቱን ማስፋቂያ ሳይደምር ሁለት ቦታ እንዳያወዳድር ነገርኩት።

«በነጻስ አይገኝም?» አለ። መልሕቅ ጥሎ ማደር አለ፤ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታና ለሚፈቅደው ጊዜ። እዚህ ላይ ነው ሙያው የሚጠየቀው። መልሕቅ መርከብን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ይመስላል እንጂ ወለሉ ውስጥ ተቀብሮ ነው። ጭቃና ጥቅጥቅ ያለ አሸዋ ይይዛሉ። የባሕር ሣር ያንሸራትታል፤ ኮራል አንዴ ያንቀዋል፣ አንዴ ጨርሶ ይለቀዋል። ሰንሰለቱ የውሃውን ጥልቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ነፋስ ካለ አምስት እጥፍ ሊረዝም ይገባል፤ አግድም ካልተኛ መልሕቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ 50 ሜትር ሰንሰለት የለቀቀ ጀልባ ነፋሱ በዞረ ቁጥር በዚያው ልክ ይዞራል፤ ጎረቤቱንም ይመታል። እንዲህ ያለ ማደሪያ ሰው ከላዩ ለማይጠፋበት ጀልባ ነው የሚስማማው። ሰኞ ወደ ሥራው ለሚመለስ ሰው አይሆንም።

ስለ ማሰሪያ ዋጋ ሳስብ የራሳችን ባሕር ኃይል መርከቦች ትዝ ይሉኛል። «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ 95 ሜትር ያህል ነበረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራች ናት፤ ለእኛ የተሰጠችው በ1954 ዓ.ም. ነው። የባሕር ኃይሉ ሠፈር የነበረችው ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በኤርትራ ተዋጊዎች ተያዘች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ከተረፉት መርከቦች አብዛኞቹ ወደ የመን ሸሹ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመን እንግዶቿን ልቀቁ አለች። «ኢትዮጵያ» ከዚያ አልወጣችም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። መንቀሳቀስ የቻሉት ጅቡቲ ገቡ። እዚያም የወደብ ክፍያው ተጠራቀመ፤ በመስከረም 1989 ዓ.ም. ለጨረታ ቀረቡ። ኤርትራ አራቱን ገዛች፤ የቀሩት አብዛኞቹ ተቆራረጡ።

ሰው ይህን ሲያወራ ፖለቲካውን ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። መርከብ ያለ በቂ ሠራተኛ ስትታሰር ገመዷ በየማዕዘኑ ይፋተጋል፣ ሆዷ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ቧንቧዎቿ ይዝጋሉ፣ ከታች የባሕር ነፍሳት ይለጠፉባታል። ኪራዩ በሙሉ ቢከፈል እንኳ ይህ አይቆምም። ጨረታው የመጣው መርከቦቹ ግማሽ ከሞቱ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ነገር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሲነሣ፣ ወደብ በየት በኩል ይገኛል የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መርከቧ ቆማ ስትውል ማን ነው ገመዷን የሚያይ የሚል ግን ገና አልገጠመኝም።

ለእህቴ ልጅም ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ሌሊት በማሰሪያው ላይ የሚዞር ዘበኛ መኖሩን እንዲጠይቅ ነገርኩት። ውሉ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚያስለቅቅም ያንብብ። የወር ኪራዩ ርካሽ ሆኖ በሠላሳ ቀን የሚያስወጣ ቦታ፣ የሚሄድበት ለሌለው ሰው ከሁሉ ይወደዳል። ቦታ ፍለጋ ደግሞ በበጋቸው አይወጣም፤ ዝናቡ ሲጀምርና ብዙ ሰው ጀልባውን መሸጥ ሲያምረው ነው። 10 ሜትር ጀልባ ትቶ ስምንት ሜትር ቢፈልግ ተራውም ሊያጥር ይችላል።

ይህን ሰምቶ አንድ የሐይቅ ዳር ማሰሪያ ላይ ተመዘገበ፤ ጀልባውን ገና አልገዛም። እናቱ ለዚህ እኔን ታመሰግናለች፤ እሱ ማመስገኑን እጠራጠራለሁ። ገመድ ግን ከአሁኑ ይግዛ ብያለሁ፤ ሦስት ክር የተገመደ ናይለን፣ ሲሳብ የሚለጠጥ፣ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሁለት ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ በሰያፍ የሚታሰሩ። ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ አሮጌ የውሃ ጎማ ቆርጦ ያልብሰው።