የፎቶ ኮፒው መምህር

በ2016 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ስገባ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ በአሮጌ ነጠላ የተሸፈነ ነገር አየሁ። ገልጬ ባየው ጊታር ነው። የሰቀለው የእህቴ ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አምስት ወር ሙሉ የጣቶቹ ጫፍ እስኪላጥ ሲታገል ከርሞ፣ አንድ ማታ አያቱ «በል እስቲ አንድ ትዝታ ምታልኝ» ብትለው አቃተው። በነጋታው ሸፍኖ ሰቀለው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እኔ የተማርኩት የእማማን ዘፈን አይደለም» አለኝ።

እኔም በእሱ ዕድሜ፣ በዚያው ቤት፣ ጊታር ጀምሬ ትቻለሁ። ስተው ግን እንዲህ ያለ ምክንያት አልሰጠሁም፤ «ተሰጥኦ የለኝም» ብዬ ነው የተውኩት። ይህንንም ለብዙ ዓመታት አምኜው ኖሬያለሁ። የልጁ መልስ ነው ነገሩን እንደገና እንድመረምር ያስገደደኝ።

በመጀመሪያ መጽሐፉን ፈለግሁት። ልጁ የሚማርበት እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከጓደኛ ተውሼ ያስባዛሁትን ነበር። መጽሐፍ ማለት እንኳ ማክበር ነው፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ የኖታው አምስት መስመር አራት ሆኖ ቀርቷል። ባለቤቱ ሜል ቤይ የሚባል አሜሪካዊ የጊታር መምህር ነው። ከ1913 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የኖረ ሲሆን፣ ይህን መማሪያ ማሳተም የጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። በዓለም ዙሪያ ስንቱ ጊታሪስት የመጀመሪያ ጣቱን ያሳረፈው በዚህ ሰው ገጾች ላይ ነው። እኛም ዘንድ በፎቶ ኮፒ ገባ፤ መምህር በሌለበት መምህር ሆነ።

እርግጥ ልጁ የጀመረው በመጽሐፉ አልነበረም፤ በስልኩ ነበር። በስልክ የሚያስተምሩት ሰዎች ምክር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስት ኮርድ ያዝ፣ ሺህ ዘፈን ትጫወታለህ። ሦስቱ ኮርዶች የዶ፣ የፋ እና የሶል ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የስልኩ መምህር ጠፋ። ልጁ ሦስት ኮርድ ይዞ ሜዳ ላይ ቀረና ወደ አጎቱ ፎቶ ኮፒ ዞረ። እንግዲህ የምተቸው እነዚህን ሁለት መምህራን ነው።

ከስልኩ ልጀምር። የትዝታ ሜጀር ድምፆች፣ ከዶ ስንነሳ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋ የለም፣ ሲም የለም። የዶ ኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ስለሆነ ከቤቱ አይወጣም። የፋ ኮርድ ግን ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ የሶልም ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። ከሦስቱ ኮርዶች ሁለቱ በትዝታ ቤት ውስጥ የማይታወቅ እንግዳ ይዘው ይገባሉ ማለት ነው። ትልልቆቹ ባንዶች ይህን እንግዳ አውቀው ያስገቡታል፤ ያሳምሩበታልም። ጀማሪው ግን እንግዳ መሆኑን አያውቅም። አያቱ ፊት ተቀምጦ የፋን ኮርድ ሲመታ አንድ ነገር እንደተበላሸ ይሰማዋል፤ ምን እንደተበላሸ የሚነግረው የለም። ጥፋቱን ጣቱ ላይ ያሳብባል። እኔም ጣቴ ላይ ነበር ያሳበብኩት። ስልኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች አልዋሹም፤ ሺህ ዘፈን አለ። ሺው ዘፈን ግን የማን ነው?

ሜል ቤይ ከዚህ ይሻላል። ወደ ኮርድ አይቸኩልም፤ በመጀመሪያዋ፣ በቀጭኗ ክር ብቻ ይጀምርና ሚ፣ ፋ፣ ሶል ያስይዛል። ቀጥሎ ወደ ሁለተኛዋ ይሻገርና ሲ፣ ዶ፣ ሬ ይጨምራል። ሥርዓቱ ንጹሕ ነው። ችግሩ ያለው ልምምዶቹ ላይ ነው። ሰውዬው ሲጽፍ በዓይነ ሕሊናው ያለው ተማሪ እነዚያን ዜማዎች ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ የሰማ ልጅ ነው። ያ ልጅ አራት ድምፅ እንደመታ ዜማውን ያውቀዋል፤ አምስተኛውን ቢስት ጆሮው ይገሥጸዋል። የደብረ ማርቆሱ ልጅ ግን ዜማውን ሰምቶት ስለማያውቅ ቢስትም ባይስትም ለእሱ አንድ ነው። ጆሮው ሥራ ፈት ሆኖ ዓይኑ ብቻ በደበዘዘው ኖታ ላይ ይንከራተታል። ጆሮን ሥራ ፈት አድርጎ ሙዚቃ መማር፣ ምላስን አስሮ ወጥ እንደ መቅመስ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላንሳ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ክር ማጥበቁንም፣ የዜማውን ቤትም በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን፤ ቅኝት እንላለን። ምክንያቱም ለክራር ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። ክራርህን በትዝታ ከቃኘኸው ትዝታ ቤት ገብተሃል፤ ባቲ ከፈለግህ እንደገና ትቃኘዋለህ። ጊታር እንዲህ አይደለም። አንዴ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ብለህ ከቃኘኸው በኋላ ትዝታም ባቲም አምባሰልም የሚለዩት በግራ እጅህ ጣቶች ነው። ልጁ በስልኩ ላይ ክር መቃኛ ፕሮግራም ነበረው፤ ክሮቹ ሁልጊዜ የተስተካከሉ ነበሩ። ሁለተኛው ቅኝት ግን በፕሮግራሙ ውስጥ የለም።

የግራ እጅም ነገር አለ። ክራር መቺው በቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመታ፣ የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኟቸዋል። በጊታር ላይ ደግሞ የግራ ጣት የሚጫነው ድምፅ ለማውጣት ነው። ከክራር ወደ ጊታር የሚመጣ ሰው ጣቱ መጀመሪያ የሚያምፅበት በዚህ ነው። ነገር ግን ዝም የማሰኘቱ ችሎታ አይጣልም፤ በጊታርም ላይ ከጥሩ ተጫዋችና ከጫጫታ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የማይፈለገውን ክር ዝም ማሰኘት መቻል ነው። ይህን የሚነግር የጀማሪ ምክር እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጎጃም ስለ ጀማሪ የሚያውቀው ነገር አለ። ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እዚያ እስኪደርስ ብዙ ክረምት ይወርድበታል። ግን አስተውሉ፣ ተማሪው በሁለቷ ቤት ላይ ሳለ የሰው ቅኔ ሸምዳጅ ብቻ ሆኖ አይኖርም። ቆጠራ ይወጣል፤ ጫካ ለጫካ፣ መቃብር ለመቃብር እየዞረ የራሱን ሁለት ቤት ይቋጥራል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ይሰማውና ያቃናዋል ወይም ያፈርሰዋል። ትንሽ ነገር፣ ግን ሙሉ ነገር፣ በየቀኑ፣ በሚሰማ ሰው ፊት። እኛ ጊታር ጀማሪዎች ያጣነው ይህንን ነው። እኔ በዚያ ፎቶ ኮፒ ላይ ሠላሳ ገጽ ያህል ስሄድ አንዲት ሁለት ቤት ዜማ የእኔ ብዬ ለሰው አላሰማሁም።

አሁን ወደ እናቴ ቤት ልመለስ። ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ አወረድኩና ክሮቹን ቃኘሁ። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ የስድስቱን ክሮች ስም ጻፍኩ፤ ምንም ሳይያዙ፣ ባዷቸውን ሲመቱ የሚሰጡትን። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ሚ ሁለት ጊዜ ስለመጣ አምስት ድምፅ ነው። ከሶል ጀምሬ በተራ ሳስቀምጣቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ሆኑ። ዝም ብዬ አየኋቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ ከዶ የሚነሣው ትዝታ ከሶል ሲነሣ ይኸው ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ነው። ጊታር ማንም ሳይነካው፣ ባዶ ክሩን፣ ትዝታ ሜጀር ነው።

ይህን ያወቅሁት በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ያ ጊታር ጉልበቴ ላይ ሳለ ትዝታው በውስጡ ነበረ።

ልጁን ጠራሁትና «ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አልኩት። ሳቀ። በቀኙ ብቻ ሦስተኛዋን፣ አምስተኛዋን፣ ሁለተኛዋን፣ አራተኛዋን፣ አንደኛዋን ክር እየለየ እንዲመታ አደረግሁ። ድምፁ አንዴ ቀጭን አንዴ ወፍራም እየሆነ ይዘላል፤ ግን ቤቱ አይጠፋም። ሦስት ጊዜ ሲደግመው እናቴ ከጓዳ «ክራር አመጣችሁ እንዴ?» አለች።

በዚህ ላይ ሁለት ኮርድ ብቻ ይበቃል። ሶል፣ ሲ፣ ሬ የሆነው የሶል ኮርድ አንዱ ነው። ሁለተኛው የሚ ማይነር ነው፤ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። ሁለቱም ከቤቱ አይወጡም፤ እንግዳ አያስገቡም። የሚ ማይነር ደግሞ በሁለት ጣት ስለሚያዝ ጊታር ላይ ካሉት ኮርዶች ሁሉ ከቀላሎቹ ነው። ስለዚህ የኔ ምክር ከስልኩ ምክር በአንድ ኮርድ ያንሳል። ሺህ ዘፈን ግን አልገባም።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። በርካሽ የሚገዛው ጊታር ብዙውን ጊዜ ክሮቹ ከእንጨቱ በጣም ከፍ ብለው ነው የሚመጡት፤ ጀማሪው ያለ ልክ ይጫናል፣ ጣቱ ይላጣል፣ ተስፋ ይቆርጣል። የልጁም እንዲሁ ነበር። ክሮቹ በአናቱ በኩል የሚያርፉባት ትንሽ የፕላስቲክ ዘንግ አለች፤ ክሩ የሚገባባቸው ቦዮቿ በስሱ ሞረድ ጥቂት ጥቂት ጠለቅ ሲሉ ነገሩ ይለወጣል። በጥንቃቄ ነው፤ ቦዩ ከመጠን በላይ ከጠለቀ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ይንዛረራል። ደግሞም የደብረ ማርቆስ ጧት ብርድ ነው፤ በደነዘዘ ጣት ልምምድ አይጀመርም። ሰዓቱን ለማርዘም ከመጣር በቀን ሁለት ጊዜ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሻላል። ለዚህ መጽሐፍ አያስፈልግም።

የሚደመጠውን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ጊታር የሚማር ሰው ጊታር ብቻ መስማት አለበት ያለው ማን ነው? የሜሪ አርምዴን፣ የካሳ ተሰማን፣ የአስናቀች ወርቁን ክራር ይስማ። ከዚያ ማሕሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. ባስቀረጸው «እሬ መላ መላ» ውስጥ የሰላም ሥዩምን ጊታር ይስማ። ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ቢሆንም ከዜማው ቤት ወጥቶ አይባዝንም። የአንቺ ሆዬን ቅኝት ደግሞ ከመሲንቆ ይስማ። ጊታር በፍሬቶቹ ድምፁን አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ስለከፈለው፣ ፍሬት የሌለው መሲንቆ በመካከል የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ጊታሪስቱ ክሩን እየለመጠ ካልፈለጋቸው አያገኛቸውም።

የባዕድ መጽሐፍ አይነካ ማለቴ እንዳይመስል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰላም ጓድ አባልነት የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን መሲንቆ ተምሮ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር እስከ መጫወት ደርሷል። እሱ የእኛን መሣሪያ ከኛ ወገን ሆኖ ከተማረ፣ እኛም የእነሱን መጽሐፍ ከኛ ወገን ሆነን ማንበብ አያቅተንም። እንዲያውም ፎቶ ኮፒውን በዚህ ዓይን ሳየው ሌላ ነገር ተገኘ።

የሜል ቤይ የመጀመሪያ ሁለት ትምህርቶች በሁለት ክር ላይ ስድስት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ። የባቲ ሜጀር ድምፆች ከዶ ሲነሡ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው። ሬን ብቻ አውጥታችሁ ጣሏት፤ የቀረው ባቲ ነው። ከክር ክር መዝለል የለም፣ ኮርድ የለም፤ ሁለት ባዶ ክርና ሦስት ፍሬት ብቻ። አሜሪካዊው ሳያውቀው ባቲን በመጀመሪያዎቹ ገጾች አስቀምጦልን ኖሯል። እኔም ልጁም በላዩ አልፈን ሄድን።

በፎቶ ኮፒው ላይ ሬን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳት። ልጁ በቀሩት አምስት ድምፆች የራሱን ሁለት ቤት እንዲቋጥር፣ ማታ ለአያቱ እንዲነግር ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ዋለ። ማታ ከእራት በኋላ፣ ቡናው እየተቀዳ፣ መጣና ተቀመጠ። እናቴ ስኒውን ይዛ ጸጥ አለች። የመጀመሪያው ቤት ደህና ሄደ። በሁለተኛው ላይ ጣቱ ስቶ ሁለተኛዋን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያዛት።

እናቴ ኖታ አታውቅም፤ ሬ የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰማችም። ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና «እሷ አይደለችም» አለችው። «ከሷ በፊት ያለችውን።»

ልጁ ጣቱን ወደ አንደኛው ፍሬት መለሰ።

«እ» አለች። «በል ቀጥል።»