የቁርጥማት መድኃኒት፣ በቀይ ቀለም

በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። ከሚጠብቃቸው ብራናዎች መካከል ሥዕል የደመቀባቸው የጎብኚን ዐይን ይስባሉ። እኔ ግን ለመጽሐፈ መድኃኒት አደላለሁ። ብዙ ጊዜ ጌጥ የለውም፤ ጥበቡ በአደራደሩ ላይ ነው።

ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ይወጋል፤ ቀለም ሳይነካ በጭረት ብቻ ያሰምራል፤ ከዚያ በመቃ ብዕር ይጽፋል። በጸሎት መጻሕፍት ቀይ ቀለም የክርስቶስንና የእመቤታችንን ስም ያከብራል። እዚህ ደግሞ ያው ቀለም ለበሽታ ስም ይውላል። ይህ ግን ክብር ሳይሆን መላ ነው፤ ሕመምተኛ ደጅ ቆሞ ሲያቃስት፣ ባለመድኃኒቱ የሚፈልገውን ርእስ በአንድ እይታ ማግኘት አለበት።

ከእነዚህ ርእሶች አንዱ ቁርጥማት ነው። ቃሉ ከ«ቆረጠመ» የወጣ ነው፤ ሕመሙ አጥንትን እንደ ሽምብራ ቆሎ ያደቃል ማለት ነው። የፈረንጁ «አርትራይተስ» ከግሪክኛው «አርትሮን»፣ ማለትም ከመገጣጠሚያ የመጣ በመሆኑ የሚናገረው ቦታውን ነው፤ የእኛው ሥቃዩን ይናገራል። የአውሮፓ ሐኪሞች ለመድኃኒቱ ስም ሲያወጡ «ተቃራኒ» የሚል ቅጥያ ጨምረው «አንታርትሪቲክ» አሉት። የእኛ ጸሐፊ አንዲት «የ» ትበቃዋለች፦ የቁርጥማት መድኃኒት።

ከርእሱ በታች ያለው ምክርም እንዲሁ ቁጥብ ነው። የዕፁ ስም ይቀድማል፤ ቅጠሉ ነው ወይስ ሥሩ የሚለው ይከተላል፤ ከዚያ ፈጭተህ፣ በማር ለውሰህ፣ ስጥ እያሉ ግሦቹ ይያያዛሉ። ማብራሪያም ማሞገሻም የለም። አብዛኛው በአማርኛ መጻፉም ብልሃት ነው፤ ዕፁን በሜዳ ለሚለቅመው ሰው የሚያውቀውን ስም መንገር ይበጃል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትረልሲን እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን አርሞ በ1968 እ.ኤ.አ. አሳትሟል።

የዛሬ ሐኪም በዚያች አንዲት ቀይ ርእስ ሥር ብዙ በሽታ ተደባልቆ ያያል፤ ዩሪክ አሲድ የሚያመጣው ሪህ አንድ፣ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ቁርጥማት ሌላ፣ በዕድሜ የሚያልቅ ጉልበት ሌላ ነው። ሕክምናቸውም ይለያያል። ስለዚህ ገጹን ለማዘዣነት መውሰድ አይገባም። ለማሳጠር ጥበቡ ግን ዛሬ የመድኃኒት መመሪያ የሚጽፍ ሰው ሊማርበት ይገባል።